ጋቢ የለበሰው ድስት

«ቦሎቄ ነው» ማለት ምን ያቅታል?

አምስት ፊደል ናት። ቆጥሬያታለሁ፤ እኔ የምቆጥር ሰው ነኝ። ሦስቱ የእህሉ ናቸው፣ ሁለቱ የማሰሪያው። ሌላ ሰው ቢሆን ጉሮሮውን በሚጠርግበት ጊዜ ብሏት ይገላገላል። እኔ ግን አንድ ሐሙስ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ በገዛ ቤቴ ቆሜ እነዚህን አምስት ፊደላት ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። ከዚያ በኋላም ስምንት ወር ሙሉ አቃተኝ። ለምን? እጄ የገባውን መጽሐፍ ሁሉ አገላብጫለሁ፤ ስለ ዝምታ የጻፈ ሁሉ ዝምታን አመስግኖ ነው የሚያልፈው። ለእኔ ዓይነቱ ዝምታ ምዕራፍ የመደበለት አላገኘሁም።

መነሻው ነዳጅ ነው። እዚህ ናይሮቢ የነዳጅ ዋጋ በየወሩ አጋማሽ ይታወጃል። ባለቤቴ ሬዲዮኑ ሥር ቁጭ ሲል እኔ ዜናውን አልሰማም፤ ቅንድቡን አያለሁ። ቅንድቡ ከወጣ ቤንዚን ወጥቷል። ቤንዚን ሲወጣ ማታቱው፣ የከተማው ሚኒባስ ታክሲ፣ ይወጣል፤ ማታቱው ሲወጣ ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ እንቁላሉ ተከታትለው ይሳፈራሉ። እኛ መኪና የለንም። መኪና የሌለው ሰው ቤንዚን አይገዛም ያለ ሰው ካለ ግን ሰፈራችን ሳውዝ ሲ መጥቶ የእኔን ዘንቢል ይፈትሽ፤ ቤንዚኑን በሽንኩርት መልክ፣ በእንቁላል መልክ ስንገዛ ነው የምንውለው። ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ ማታቱው ሬዲዮም ሳይጠብቅ በራሱ ሥልጣን ይጨምራል። ዝናቡ ከየትኛው ማደያ እንደሚቀዳ እስካሁን አልደረስኩበትም።

ይህ ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ በአንድ ምክንያት ነው። ተማሪ ነኝ። በአርባ ሦስት ዓመቴ። በልጅነቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን ትምህርት እዚህ ስደርስ ከወደቀበት አንስቼ፣ መሃል ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለጎልማሶች የሚሰጥ የከሰዓት ትምህርት ገባሁ፤ የዚያን ዓመት የመጨረሻው ክፍል ላይ ነበርኩ። ለመሄድ ማታቱ፣ ለመመለስ ማታቱ። ታሪፉ የጨመረ ሳምንት ባለቤቴ አንዲት ቃል አልተናገረም። እሱ መሃል ከተማ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በእግሩ ይመለስ ጀመር። «ምነው?» ብለው «ሐኪም መራመድ አዞልኛል» አለኝ። የትኛው ሐኪም? ሰውዬው ጥርሱን እንኳ በገዛ ምላሱ ነው የሚመረምረው። በልቤ፣ ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሳለት ነበር አልኩ።

እንግዲህ እኔም በበኩሌ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። የቡታጋዙ ሲሊንደር እስከ ወሩ መጨረሻ ከደረሰ የማታቱዬ ገንዘብ አለ፤ ወሩ ሳያልቅ እሱ ካለቀ ግን የማታቱው ገንዘብ ሲሊንደር ይሞላበታል፣ እኔም ፈተናውን ሳላይ ቤቴ እቀመጣለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሲሊንደሩና እኔ ብቻ ነበርን የምናውቀው፤ ጠዋት ጠዋት ወዝወዝ እያደረግሁ እንደ ታማሚ እጠይቀዋለሁ።

ስለ ቁጠባ ካነሳሁ እትዬ ብርቄን ሳላስተዋውቅ ማለፍ ግፍ ነው። የባለቤቴ አክስት ናቸው፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው። ለሁለት ሳምንት ጥየቃ መጥተው አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው፤ ስለ መሄድ አንስተው አያውቁም፣ እኛም እንዳያነሱብን እንሰጋለን። እሳቸው ባሉበት ቤት እሳት በከንቱ አይነድም። ውሃ በቀን አንድ ጊዜ ይፈላል፤ ከዚያ ፔርሙዝ ይገባል። ምሳ የሚሞቀው የሚፈላ ድስት ላይ በክዳን ምትክ ተቀምጦ ነው። የገላ ውሃ በጥቁር ጀሪካን በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የባለቤቴን ሱሪ በካውያ አይተኩሱም፤ ፍራሽ ሥር አስተኝተው ያድራሉ፣ ጠዋት የሚወጣው ጠርዝ ጣት ይቆርጣል። ሽሮ ሊበስል ትንሽ ሲቀረው እሳቱን ያጠፉና «ትእዛዙን ሰምቷል፤ የቀረውን ራሱ ይጨርስ» ይላሉ። ሽሮውም ይጨርሳል። እኔ ስንት ዓመት ተምሬ ባለቤቴን እንኳ እንዲህ ማዘዝ አልቻልኩም።

ከዕለታት አንድ ቀን የፊዚክስ መምህራችን ስለ ሙቀት አስተማረን። ቀጭን ኬንያዊ ወጣት ነው፤ ሊያስተምረን ሲቆም አንገቱ ላይ ያለው ከረባት ከእሱ ይልቅ በራሱ የሚተማመን ይመስላል። ሙቀት አይጠፋም፣ ይሸሻል እንጂ አለ። እንዳይሸሽ የሚይዙት ነገሮች አሉ፤ ሱፍ፣ ጥጥ፣ በመካከላቸው የታሰረ አየር። በዚያ ተርም ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አወጣሁ።

«መምህር፣ ጋቢስ?»

ጋቢ ምን እንደሆነ አያውቅም። አራት እጥፍ የጥጥ ኩታ መሆኑን፣ በየእጥፉ መካከል አየር መኖሩን አስረዳሁት። ጥቂት አሰበና «እጅግ በጣም ጥሩ ይሠራል» አለ። የቀረውን ትምህርት አልሰማሁም።

ቤት እንደገባሁ ለእትዬ ብርቄ ነገርኳቸው። «ቦሎቄውን ሃያ ደቂቃ ብቻ አፍልተን ከነድስቱ በጋቢ ጠቅልለን አልጋ ውስጥ ብናስተኛው፣ ጠዋት የገባ ለምሳ ይደርሳል።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ይህን ነው ከፍለሽ የምትማሪው?»

«አዎ።»

«ጎበዝ አስተማሪ ነው» አሉና ለክብር ቀን ያስቀመጡትን ጋቢ ከሻንጣ አውጥተው ሰጡኝ። አልጋውም የራሳቸው ሆነ፤ ጠዋት ፀሐይ የሚገባው እሳቸው ክፍል ነው።

ሠራ። ቦሎቄው ያለ ጥርስ እርዳታ በአፍ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ነገር መቼም ልክ የለውም፣ አሻሻልኩት። ከሥሩ ትራስ። ከላይ ብርድ ልብስ እስከ አንገቱ፤ ድስት አንገት ካለው። በክዳኑ በኩል ሙቀት እንደሚያመልጥ በእጄ ዳስሼ ስለደረስኩበት እሱን ደግሞ በእትዬ ብርቄ ነጠላ ሸፈንኩት። የግቢያችን በር ላይ አትክልት የምትሸጠዋ ማማ ንጄሪ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እናቴ ይህንኑ በቅርጫትና በሙዝ ቅጠል ትሠራ ነበር። አንቺ እናቴን ለማግኘት ነው ትምህርት ቤት የገባሽው?» ማማ ንጄሪ ስታሾፍ ሱኩማ፣ የሀገሩን ጎመን፣ ትመርቃለች፤ ሱኩማዋን ተቀብዬ ገባሁ።

ያ ሐሙስ መጣ። እትዬ ብርቄ በእግራቸው ገበያ ወጥተዋል። እኔ ደብተሬን ዘርግቼ ሳሎን ተቀምጫለሁ። በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ አባ ናቸው። አባ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ፣ ምዕመናንን በየቤቱ እየዞሩ የሚጠይቁ ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። ከኋላቸው ወይዘሮ ጽጌ። ወይዘሮ ጽጌ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ናት፤ ደግ ሴት ናት፣ ሰው የታመመ እንደሆነ ከራሱ ከታማሚው ቀድማ ታውቃለች። ነዳጅ ከጨመረ ወዲህ መኪናዋን ሸራ አልብሳ ስላቆመች፣ ድሮ በመኪና ታደርስ የነበረውን ወሬ አሁን በስልክ ታደርሳለች።

መስቀል ተሳለምኩ። ቀና ስል ወይዘሮ ጽጌ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ እትዬ ብርቄ ክፍል ታያለች። በሩ ክፍት ነው።

እኔም ዞሬ አየሁ። በዚያች ቅጽበት፣ በሰው ዓይን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ትራስ። ብርድ ልብስ እስከ አንገት። ከብርድ ልብሱ በላይ ነጠላ የተከናነበ ክብ ነገር።

«ውይ በሞትኩት! እትዬ ብርቄ ናቸው? ታመው ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ቦሎቄ ነው። እዚያው ምላሴ ላይ ነበረች። ግን እኔ ነገርን ከመነሻው መናገር የምወድ ሰው ነኝ። ቦሎቄ ነው ካልኩ ቦሎቄ ለምን አልጋ ላይ ተኛ ይባላል። ስለ ቡታጋዙ መናገር አለብኝ። ስለ ቡታጋዙ ከተናገርኩ ስለ ማታቱው፣ ስለ ማታቱው ከተናገርኩ ስለ ትምህርቴ፣ ቀጥሎም ስለ ባለቤቴ እግር። አባ ፊት ቆሜ ከቦሎቄ ተነስቼ እስከ ጓዳችን ጥግ መድረሴ ነው። ከየቱ እንደምጀምር ሳሰላ ወይዘሮ ጽጌ ነጠላዋን አጣፍታ ጨርሳለች።

«አባ፣ ይጸልዩላቸው እንጂ!»

አባ አልጋው አጠገብ ቆሙ። ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። መስቀላቸውን አነሱና በግዕዝ ጸለዩ። ግዕዝ አልችልም፤ ትምህርቴ ገና እዚያ አልደረሰም። ጸሎቱ አጭር ነበር። በመጨረሻ በመስቀሉ ጋቢውን ዳሰሱና በአማርኛ «ይባርክላችሁ፤ አያጉድልባችሁ» አሉ። ወይዘሮ ጽጌ በዕንባ «አሜን» አለች። ይቀመጡ ብላቸው «መንገድ አለብኝ ልጄ» ብለው ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

በዚያ ቀን ምሳ እትዬ ብርቄ ጎርሰው ቆም አሉ። «ዛሬ ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም» አልኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እንደገና ተንኳኳ። ወይዘሮ ጽጌ ከፊት፣ ስድስት የማኅበር ሴቶች ከኋላ፣ ብርቱካንና ሙዝ በየዘንቢሉ።

«እንዴት አደሩ?»

«ማን?» አልኩ።

«ታማሚዋ ናቸዋ!»

እትዬ ብርቄ ገበያ ናቸው። የክፍላቸው በር፣ ተመስገን፣ ዝግ ነው። ውስጥ የተኛው የዕለቱ ምሳችን ነበር፤ ማማ ንጄሪ ጊቴሪ የምትለው፣ እኛ ንፍሮ የምንለው፣ በቆሎ በቦሎቄ።

«ተኝተዋል» አልኩ። ይህችም አምስት ፊደል ናት። እሷ ግን ምንም አላስቸገረችኝም።

ሰባቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሳሎኑን ሞሉት። እዚህ ላይ ነው ዕውቀቴ የበዛው። ለሰባት ጠያቂ ሻይ ማለት ሁለት ማንቆርቆሪያ ነው፤ ሐበሻ ደግሞ ታማሚ ሊጠይቅ መጥቶ በአንድ ብርጭቆ አይሄድም። ሲሊንደሩን ጠዋት ወዝውዤዋለሁ፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀሎኛል። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ይቀራል። ሻዩን ካፈላሁ የማፈላው ፈተናዬን ነው። ያመጡትን ብርቱካን መልሶ ማቅረብ ነውር ነው። ሰውን ባዶ አፉን መሸኘትማ አይታሰብም። እሳት የማይፈልግ፣ የበሰለ፣ ትኩስ፣ ለሰባት ሰው የሚበቃ ምን አለ?

አለ! ከራሴ ጋር ተጨባበጥኩ ማለት ይቻላል። መምህራችን ቢያየኝ ከረባቱን ይሸልመኝ ነበር።

ቀስ ብዬ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ጋቢውን ፈታሁ። ድስቱን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤ ዓይኔ አነባ። ሰፋ ባለ ትሪ ላይ ንፍሮውን ገለበጥኩና፣ ዓይኔን በክንዴ እየጠረግሁ፣ እንዳመሌ ዝም ብዬ ወጣሁ።

አሁን እናንተ ፍረዱ። ከታማሚ ክፍል ዕንባዋን እየጠረገች የወጣች፣ ምንም የማትናገር፣ ንፍሮ በትሪ የያዘች ሴት። ንፍሮ በትሪ የሚዞረው የት ቤት እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ አለ? እኔም አውቃለሁ። የገረመኝ እኮ እሱ ነው፤ አውቃለሁ! ፊዚክሱ ሲገባ ለቅሶ ቤቱ ከራሴ ወጥቶ ነው።

ወይዘሮ ጽጌ ትሪውን አየች። እኔን አየች። «አረፉ?» አለች በሹክሹክታ።

አፌን ከፈትኩ።

«አረፉ!» አለች ለሌሎቹ፤ ቤቱም ተነሳ።

እንዲህ ያለ ለቅሶ ናይሮቢ ሰምታ አታውቅም። ነጠላዎች ተከናነቡ፣ ደረቶች ተመቱ። አንዷ የእትዬ ብርቄን ደግነት በግጥም ታወርዳለች፤ ሌላዋ ለሠርጓ ያበጠሩላትን እህል ታነሳለች። እኔ ትሪዬን ይዤ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። ሁለት ጊዜ «ቆይ» አልኩ፤ ሁለት ጊዜም «አይዞሽ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ብለው አቀፉኝ።

ጩኸቱ ደረጃውን ወርዶ ማማ ንጄሪ ዘንድ ደረሰ። ማማ ንጄሪም የሀገሯን ወግ ታውቃለች፤ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ከጎረቤት የለቅሶ መዋጮ በስልኳ ማሰባሰብ ጀመረች።

በዚህ መሃል እትዬ ብርቄ ከገበያ ደረሱ። ደረጃው ላይ ሆነው ለቅሶው ከገዛ ቤታቸው እንደሚመጣ ሰሙ። ሱኩማቸውን በር ላይ ጣሉ፣ መቀነታቸውን አጠበቁ፣ «ወየው! ማንን አጣን!» እያሉ ገቡና ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ሟች ማን መሆኑን ሳያውቁ በግንባር ቀደምትነት ያለቅሱ ጀመር። ሁሉም ተከናንቧል፤ ማንም ማንንም አያይም። እውነት ለመናገር ከሁሉም አሳምረው ያለቀሱላቸው ራሳቸው ናቸው። ጥቂት ካለቀሱ በኋላ ወደ ጎረቤታቸው ጆሮ ዘንበል አሉ።

«የኔ እናት፣ ለመሆኑ ማነው?»

ወይዘሮ ጽጌ ነጠላዋን ሳትገልጥ «እትዬ ብርቄ ናቸዋ! ኡኡ!»

«የቷ ብርቄ?»

«የእኛዋ! የዚህ ቤቷ!»

እትዬ ብርቄ ዕንባቸውን ጠረጉ። «መቼ?» አሉ ቀጥለው፤ በመገረም ሳይሆን ለማጣራት ያህል።

ድምፁን ያወቀችው ያኔ ነው። ወይዘሮ ጽጌ ነጠላዋን ገለጠች፤ አየች፤ ከዚያ በኋላ የጮኸችውን ጩኸት እንደ ለቅሶ መቁጠር አይቻልም። ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ወደ ግድግዳው ተለጠፉ። በሩ ላይ ደግሞ ማማ ንጄሪ ስልኳን ይዛ ቆማ «ፖሌ ሳና» ብላ በቋንቋዋ ልታጽናና ስትል እትዬ ብርቄን አየች። «እኚህማ አሁን ከእኔ ሱኩማ ገዝተው መውጣታቸው ነው!» አለች።

ሰባት ጥንድ ዓይን ወደ እኔ ዞረ። እዚህ ላይ አለቅሁ አልኩ። ፈተናውም፣ ስሜም፣ የባለቤቴ ጫማ ሶልም በከንቱ ቀረ።

እትዬ ብርቄ ግን እኔን አዩኝ። ትሪውን አዩ። የክፍላቸውን በር አዩ፤ ከአልጋው ላይ ጋቢው እስከ ወለል ተዘርግቷል። ያችን ሴት አንድ ዩኒቨርሲቲ ቢያገኛት ኖሮ ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ። ሁለት ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡና ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«ታምሜ ነበር፤ ተሻለኝ። ለታመመ ሰው መውጣት ጥሩ ነው ተብዬ ወጣሁ። ከተሻለኝ ንፍሮ ቀቅዬ ጎረቤት አበላለሁ ብዬ ተስዬ ነበር፤ ይህች ልጅ ስለቴን ታደርስልኛለች። እናንተ ቤት ሙሉ ሰው ምን ሆናችሁ ነው የምታላዝኑት? በሉ ብሉ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

«የአባ ጸሎት!» አለች ወይዘሮ ጽጌ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «ሐሙስ የጸለዩላቸው፣ ቅዳሜ ተነሱ!»

«አሜን» አሉ ስድስቱም። ንፍሮው እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ተበላ። ሻይ የጠየቀ አልነበረም።

ሴቶቹ ሲወጡ እትዬ ብርቄ በሩን ዘጉና ጠጋ አሉኝ። «አባ የጸለዩት በምን ላይ ነው?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«ተይው! አትንገሪኝ። እኔ በመሃል አሞኝ ተሽሎኝ ይሆናል፤ ወገቤንም ሰሞኑን አሞኝ ነበር። ከነገርሽኝ ግን የዋሸሁ እሆናለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ለእሳቸው መንገር ቀረ። ለባለቤቴ እንዳልነግረው ለእሳቸው ይነግራቸዋል። ስለቱን ግን እትዬ ብርቄ በቀልድ አላዩትም። «በአፌ ብያለሁ» አሉና በየወሩ አንድ ትልቅ ድስት ንፍሮ ለመላው ደረጃ እንዲዞር አደረጉ፤ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ በአልጋ በስሎ። ቦሎቄው ከየት መጣ ብትሉ፣ ማማ ንጄሪ የሰበሰበችው መዋጮ ነው። ለያንዳንዱ ሰው በስልክ ልመልስ ብትል መላኪያው ከመዋጮው በለጠባት፤ በገንዘቡ አንድ ከረጢት ቦሎቄ ገዝታ በራሷ ተሸክማ አምጥታ «የሞቱበት ነው» ብላ ለእትዬ ብርቄ ሰጠቻቸው። ሲሊንደሩም ወሩን ዘለቀ። የሚቀጥለውንም፣ የሚቀጥለውንም። እኔ መማሬን ቀጠልኩ።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። አባ ቤታችን መምጣት ተዉ። መንገድ ላይ ሲያዩን ይባርኩናል፣ ቤተ ክርስቲያን ይጠይቁናል፤ ቤት ግን የለም። እትዬ ብርቄ በየሳምንቱ «አባን ምን ነካቸው? ምን አስቀየምናቸው?» ይላሉ። ወይዘሮ ጽጌ በሄደችበት ሁሉ ስለ ጸሎታቸው ታወራለች፤ የማይነሳ መኪናዋን ሳይቀር ልታስጸልይባቸው እንደነበር ሰምቻለሁ። ያላግባብ አስመሰገንኳቸው፣ ገብቷቸው ተቀይመውኛል ብዬ አሰብኩ። በጸሎት ሰዓት መስቀል ልሳለም ስቀርብ ፊታቸውን ላለማየት መስቀሉን ብቻ አያለሁ። እትዬ ብርቄ «ምን አስቀየምናቸው?» ባሉ ቁጥር ያቺ አምስት ፊደል አንድ አንድ እያለች ጉሮሮዬ ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ሰኞ፣ ከክፍል ስወጣ ዝናብ ጥሎ አባርቷል። ማታቱዎቹ እንደ ልማዳቸው የሰማዩን ታሪፍ ጨምረዋል። ረዳቱ ዋጋውን ሲጠራ በእግሬ ለመሄድ ወሰንኩ። ትንሽ እንደተጓዝኩ ፊት ለፊቴ አንድ ጥቁር ካባ፣ ጃንጥላ እንደ ከዘራ የያዘ፣ ውሃ የያዘ ጉድጓድ በጥንቃቄ እየዘለለ ሲሄድ አየሁ። አባ ናቸው። እሳቸውም ረዳቱ የጠራውን ዋጋ ሰምተው ነው።

ጎን ለጎን ሄድን። ከአጠገባችን መንገዱ ተዘግቶ፣ የተውነው ማታቱ ቆሞ ያጓራል። አለፍነው። ማታቱን በእግር እንደማለፍ ያለ ደስታ የለም፤ አባም ፈገግ ማለታቸውን አየሁ። ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ፊት ለፊት አይተያይም፤ ምናልባት የረዳኝ እሱ ይሆናል።

«አባ» አልኩ። «ያን ሐሙስ አልጋው ላይ የነበረው ቦሎቄ ነው።»

አንድ ጉድጓድ ዘለሉ። ሌላ ጉድጓድ ዞሩ።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «ሰው ቢሆን ይተነፍስ ነበር። ደግሞ ሽንኩርቱ ይሸታል።»

ቆምኩ። «ታዲያ ምን ብለው ነው የጸለዩት?»

«ማዕድ ላይ የሚጸለየውን ነዋ! ሌላ ምን ልበል? ወይዘሮ ጽጌ ጸልዩ ትላለች፣ አንቺ ወለል ታያለሽ። ድስት ነው ብል አንቺን ማሳፈር ነው።»

«ከዚያ ወዲያ ግን ቤታችን ቀሩ።»

አባ ጃንጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «በምሳ ሰዓት መጥቼ ምግብ አስደበቅኋችሁ። ኑሮው እንዲህ በከበደበት ጊዜ ሳላስብ የሰው ቤት መግባቴ፣ አንቺን የመሰለች ጨዋ ልጅ ድስት ብርድ ልብስ እስከማልበስ ማድረሴ፣ አሳፈረኝ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ቤት በምሳ ሰዓት አልረገጥኩም።»

ስምንት ወር። እኔ ስምንት ወር አፍሬ መስቀላቸውን ብቻ ሳይ፣ እሳቸው ስምንት ወር አፍረው ምሳቸውን አጥተዋል። ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በመጨረሻ ከመነሻው። ሬዲዮኑን፣ ማታቱውን፣ መምህሩንና ከረባቱን፣ አራቱን እጥፍ፣ የባለቤቴን ሐኪም፣ ንፍሮውን። እትዬ ብርቄ «መቼ?» ብለው የጠየቁበት ላይ ስደርስ አባ የመንገድ መብራት ምሰሶ ይዘው ቆሙ፤ የሚስቁ መሆናቸውን ያወቅሁት ቆባቸው ሲንቀጠቀጥ ነው። የቀደምነው ማታቱ መጥቶ አለፈን።

ሳውዝ ሲ መግቢያ ላይ ስንለያይ «ነገ ለምሳ ይምጡልን» አልኳቸው። «እትዬ ብርቄ ደስታቸውን አይችሉትም።»

«ምን አለ?»

«ቦሎቄ ነው» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣችው።

«ማዕድ ላይ ነው አልጋ ላይ?»

«አባ፣ ምሳ እስኪደርስማ ከአልጋው አይነሳም።»

መስቀላቸውን ከካባቸው አወጡና ሰጡኝ፤ ተሳለምኩ። በዚህ ጊዜ ፊታቸውን አየሁ።

«እንግዲያስ» አሉ፣ «መጥቼ ልጠይቀው።»